የጎረቤት ቡናዬ ከትርፍ ወጪ ይቆጠራል?

የተከበሩ አማካሪ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎት። የምኖረው በጅማ ከተማ ቆጪ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 32 ሲሆን በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው፤ የ8 ዓመት ሴት ልጅና የ3 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። እኔ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ በየወሩ 11,000 ብር ይደርሰኛል። የባለቤቴ ገቢ እንደ ትእዛዙ ስለሆነ ሰርግ በሚበዛበት ወቅት 14,000 ብር የሚያገኝበት ወር አለ፤ ክረምት ሲገባ ግን ከ6,000 ብር አያልፍም። ከዚህ ላይ ለቤት ኪራይ 5,000 ብር፣ ለእቁብ በሳምንት 500 ብር፣ አጋሮ ለሚኖሩት አማቴ ደግሞ በየወሩ 1,000 ብር እናወጣለን።

የቀረው ገንዘብ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ይህን ትልቅ ነገር ገዛሁ የምለው የለኝም። ባጃጅ፣ ለልጆች ብስኩትና ጭማቂ፣ ለወጥ ቤት አንዳንድ ዕቃ፣ በቴሌግራም አይቼ ያዘዝኩት መጋረጃ፣ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የማስጽፈው ነገር ነው። ስገዛው ሁሉም የሚያስፈልግ ይመስለኛል፤ ወሩ ሲያልቅ ግን ገንዘቡ የት እንደገባ አላውቅም። በተለይ ለሴት ልጄ እምቢ ማለት አልችልም። እኔ የአክስቴ ልጆች የጣሉትን ልብስ እየለበስኩ ነው ያደግሁት፤ እሷ የጠየቀችኝን ስታጣ እኔ ያጣሁ ያህል ይሰማኛል።

ባለፈው ወር ትንሹ ልጄ በሌሊት ታሞ ሐኪም ቤት ስንሮጥ ጎረቤቴ ትልቋን ልጄን ወስዳ አሳደረችልኝ። ለመድኃኒቱ ግን በእጃችን ገንዘብ ስላልነበረ በስልክ ተበደርን። በማግስቱ ማታ ባለቤቴ ወረቀት አውጥቶ «የሚያስፈልግ» እና «የማያስፈልግ» ብሎ ሁለት ቦታ ከፈለው። በማያስፈልገው ሥር መጀመሪያ የጻፈው ከሰፈር ሴቶች ጋር በተራ የምናፈላውን ቡና ነው። ለእርሱ ጫት የሚወጣውን ግን ከሚያስፈልገው ጋር አስቀመጠው፤ «ሥራ የማገኘው እዚያ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ገንዘብ አንነጋገርም። የሚያስፈልገኝን ከሚያምረኝ በምን ልለየው? ከእቁቡስ ልውጣ? የጎረቤት ቡናዬንስ ልተወው?

ግራ የገባኝ እናት፣ ከጅማ

ምላሽ

ውድ እህቴ፣

የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ፤ የጎረቤት ቡናዎን አይተዉት። ይህን የምለው በክርክሩ ከእርስዎ ጋር ለመቆም ብዬ አይደለም። ልጅዎ በታመመበት ሌሊት ትልቋን ልጅ ማን እንዳሳደረልዎት ራስዎ ጽፈውልኛል። ያቺ ጎረቤት ዋጋ አልጠየቀችም፤ ነገ የእርሷ ልጅ ቢታመም እርስዎም አይጠይቁም። እንዲህ ያለው መተማመን የሚጸናው ሰው በየጊዜው ተገናኝቶ «ምነው ጠፋሽ» ሲባባል ነው፤ በእርስዎ ሰፈር ደግሞ የሚያገናኘው ያ ቡና ነው። ቢቀር ገንዘብ ከፍለው የሚተኩት ነገር አይደለምና ከሚያስፈልገው ጋር ቢቆጠር ተገቢ ነው እላለሁ።

ሆኖም ቡናው ይቀጥል ሲባል ወጪውም እንዳለ ይቀጥል ማለት አይደለም። በጅማ ቡናው ራሱ ኪስ የሚያራቁት ነገር አይመስለኝም፤ ወጪውን የሚያከብደው ብዙ ጊዜ የቡና ቁርሱ ነው። አንዷ ተራዋ ሲደርስ ዳቦ ትደፋለች፣ ቀጣይዋ ዳቦው ላይ ለስላሳ ትጨምራለች፣ ሦስተኛዋ ከዚያ እንዳታንስ ትበደራለች። እርስዎን ያስጨነቀው ወጪ ከመካከላቸው ሌላይቱንም ሳያስጨንቃት አይቀርም፤ አንድ ሰው ደፍሮ እስኪናገር ሁሉም በዝምታ ይሸከመዋል። ተራዎ ሲደርስ ቆሎ ብቻ አቅርበው «ከእንግዲህ እንዲህ ብናደርገውስ?» ቢሏቸው ምን የሚሉዎት ይመስልዎታል? ሌላም አለ። በአካባቢያችሁ የቡና ለቀማ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ያልተቆላ ቡና በአግባቡ ከተቀመጠ ለወራት ስለሚቆይ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ በአዝመራው ጊዜ በብዛት ገዝታችሁ ብትካፈሉ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ከመግዛት ያሳርፋችኋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልመለስ። የባለቤትዎ ሐሳብ መልካም ነበር፤ በልጁ ሕመም የደነገጠ አባት መላ ሲፈልግ ነው ያን የጻፈው። የተሳነው፣ ነገሮችን በስማቸው ብቻ ለሁለት መክፈሉ ይመስለኛል። አንዱ ነገር ዛሬ የግድ ሆኖ ነገ ትርፍ ሊሆን ይችላልና። ባጃጁን እንመልከት። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ሐምሌ ላይ በጠዋት ሕፃን ታቅፎ ቢሮ የሚገባ ሰው ባጃጅ ቢይዝ ማንም አይፈርድበትም። ያው ባጃጅ በኅዳር ፀሐይ፣ ብቻዎን ሆነው፣ አሥር ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ ያውም ሰው እስኪሞላ መጠበቅ ሰልችቶዎት በኮንትራት ሲያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ «ባጃጅ» የሚለውን ቃል አንዱ ቦታ አስገብቶ መጨረስ አይቻልም፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ራስን መጠየቅ ይሻላል።

ምን ብለው ይጠይቁ? እኔ የምመክረው እጅዎ ወደ ገንዘቡ ሳይሄድ «ይህን ዛሬ ባልገዛ ነገ ምን ይጎድላል? የዛሬ ሳምንትስ?» ማለትን ነው። የልጅ መድኃኒት ለነገ አያድርም። ዘይት፣ ጤፍ፣ ሳሙና ጥቂት ቀን ይታገሱ ይሆናል እንጂ መምጣታቸው አይቀርም፤ እንዲያውም እነዚህን ለሐሙስ የሄርማታ ገበያ አቆይቶ በአንድ ጊዜ መግዛት፣ በየማታው ከሱቅ በትንንሹ ከማምጣት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። መጋረጃው ግን ወር ቢቆይስ? ጥያቄውን ሲጠይቁት በልብዎ የሚመጣው መልስ «ቤቱ ይጨልማል» ወይም «ከውጭ ያሳያል» ከሆነ የሚያስፈልግ ነው። «ጎረቤቶቼ ለውጠዋል፣ የእኔ ያረጀ መሰለኝ» ከሆነ ያማረዎት ነው። ማማሩ ነውር የለበትም። ያማረን ነገር ሁሉ ይቅር የሚል ኑሮ ሰውን ያስመርራል፤ ያማረንን እንደ ግዴታ አድርገን ስንገዛው ግን የልጅ መድኃኒት ገንዘብ ሳናውቀው ይሄዳል።

ገንዘቡ የት እንደገባ እንደማያውቁ ጽፈዋል፤ እኔ ግን አብዛኛው ተጽፎ የተቀመጠ ይመስለኛል። ባለ ሱቁ ዘንድ ያለውን የዱቤ ደብተር አስቡት። በስምዎ የተያዘው ገጽ ላይ ቀን፣ ዕቃና ዋጋ በተርታ ሰፍሯል፤ ብዙዎቻችን ወሩ ሲያልቅ ከታች ያለውን ድምር ብቻ ሰምተን ከፍለን እንወጣለን። በሚቀጥለው ክፍያ ቀን ገጹን ከላይ ጀምሮ እንዲያነቡልዎት ባለ ሱቁን ይጠይቁ፤ ወይም ፈቅደውልዎት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በየመስመሩ አጠገብ ምልክት ያድርጉ። ብስኩቱ ስንት ጊዜ ተጽፏል? በየትኛው ሰዓትና በማን ልመና? የተላከው ልጅ «እግረ መንገዴን» ብሎ ያመጣውስ የትኛው ነው? በቴሌብር የከፈሉትም በስልክዎ የክፍያ ታሪክ ውስጥ ስላለ በዚያው ምሽት አብረው ሊያዩት ይችላሉ። አዲስ ደብተር ገዝቶ በየቀኑ መጻፍ የሚሰለች ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል። የዱቤውን ገጽ ማንበብ ግን በወር አንድ ምሽት ይበቃዋል።

ለመሆኑ ገጹን ሲያነቡ ብዙው መስመር የልጅዎ ሆኖ ቢያገኙት ምን ይሰማዎታል? ስለ እርሷ የጻፉት ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የነካኝ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ ያደገ ልጅ፣ ልብሱ እየሞቀው እንኳ የሚሰማው ውርደት አለ፤ ያ ስሜት በዕድሜ አይለቅም። ልጅዎ አንድ ነገር ስትለምን የምትለምንዎት እርሷ ብቻ አይደለችም፤ የ8 ዓመቷ እርስዎም አብራ ትለምናለች። እምቢ ማለት የከበደዎት ለዚህ ይመስለኛል እንጂ ገንዘብ አያያዝ ስለማያውቁ አይደለም። ግን ልብ ብለው ያስቡት፤ ያኔ የጎዳዎት ብስኩት ማጣት ነበር? ወይስ ጠይቀው እንኳ የማይሰሙ፣ ያልተመረጠልዎትን ለብሰው የሚወጡ ልጅ መሆንዎ? ሁለተኛው ከሆነ ለልጅዎ መስጠት የሚገባዎት ነገር በየቀኑ የሚገዛው ጭማቂ አይደለም። በመስከረም የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ወይም ጫማዋን ስትገዙ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነግረዋት «ከዚህ ውስጥ አንቺ ምረጪ» ይበሏት። አዲስ፣ በልኳ፣ ራሷ የመረጠችው አንድ ነገር፣ ሳታስተውለው ከሚያልፍ ብዙ ብስኩት የበለጠ ያን የእርስዎን ቁስል ይጠግናል።

በየቀኑ ስትጠይቅዎትም «የለኝም» ከማለት ይልቅ «ቅዳሜ» ይበሉ፤ ቅዳሜም ቃልዎን ይጠብቁ። በሳምንት አንድ ቀን የእርሷ ቀን እንደሆነ ያወቀች ልጅ በሌሎቹ ቀናት መለመኗን ትቀንሳለች፤ መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ እናትም ሆድዋ ይባባል፤ ያን ጊዜ ግን ታግሠው ይለፉት።

አሁን ቁጥሩን አብረን እንመልከተው፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ሁሉ በራስዎ ላይ የጫኑ ይመስለኛል። በክረምት ወር የሁለታችሁ ገቢ ተደምሮ 17,000 ብር ነው። ኪራይ፣ እቁብና የአማትዎ ድጋፍ 8,000 ብር ይወስዳሉ። የቀረው 9,000 ብር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 300 ብር ነው፤ በዚህ አራት ሰው ይበላል፣ ይጓዛል፣ ይታመማል፣ ይማራል። ብር ከሐምሌ 22፣ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘይትም ሆነ መድኃኒት መወደዱን እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ስለዚህ በክረምት የሚጎድለው ሁሉ የእርስዎ የእጅ መላላት ያመጣው አይደለም። በሰርግ ወቅት ግን ያው ስሌት 17,000 ብር ይተርፋል። ሁለቱ ወራት መካከል የ8,000 ብር ልዩነት አለ፤ እና የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ቤታችሁ የሚተዳደረው በየትኛው ወር ልክ ነው? ትእዛዝ በበዛበት ወር የተለመደው አወጣጥ ክረምት ሲገባ እንዳለ የሚቀጥል ከሆነ ዱቤውም ብድሩም ከዚያ ይመጣሉ። የወሩ አስቤዛ ዓመቱን ሙሉ በክረምቱ ገቢ ልክ ቢወሰንና ከዚያ በላይ የመጣው ገንዘብ ገና ባለቤትዎ እጅ እንደገባ ወደ ሌላ የባንክ ደብተር ቢሻገር፣ ለድንገተኛ ሕመም የምትደርሱበት ገንዘብ ከዚያ ይገኛል። በመጀመሪያ የሚጠራቀመው ለመድኃኒትና ለሐኪም ይሁን። በስልክ የሚገኘው ብድር ለዚያ ሌሊት ደርሶላችኋል፤ ነገር ግን የአገልግሎት ክፍያ ስላለው ለአስቤዛ እንዳይለመድ አደራ እላለሁ።

ከእቁቡ አይውጡ፤ ጀምሮ ማቋረጥ ዋስ የሆነዎትን ሰውም ያስቀይማል። ነገር ግን በክረምት ወር 2,000 ብር ለእናንተ ከባድ ነው፤ አምስት ክፍያ የሚያርፍበት ወር ሲመጣ ደግሞ 2,500 ይሆናል። ይህ ዙር ሲያልቅ በሚቀጥለው ከአንድ የምታምኗት ጓደኛ ጋር አንዱን ዕጣ ለሁለት ይግቡበት። ዕጣው ገና ሳይወጣ የሚውልበትንም ከአሁኑ ይወስኑ፤ ሥራ ሳይቆረጥለት የሚመጣ የእቁብ ብር ያማረንን ሁሉ ያስታውሰናል። ዕጣው በመስከረም ቢደርስዎት ለትምህርት ቤት፣ በጥር አካባቢ ቢደርስዎት አዲሱ ጤፍ ገበያ ሲገባ በኩንታል ለመግዛት ቢውል መልካም ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ማውጣት ያስፈራል፤ ሆኖም ባንኮች ለቁጠባ ከሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ 7 በመቶ ስለሆነና የእህል ዋጋ ብዙ ጊዜ ከዚያ ፈጥኖ ስለሚጨምር፣ ቤት የገባ ጤፍ ከተቀመጠ ብር ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። የአማትዎን 1,000 ብር አይንኩት። የሚጦሩት እናት ገንዘብ ከትርፍ አይቆጠርም፤ ደመወዝ በገባ ዕለት ቢላክ ግን ወሩ መጨረሻ ላይ ከሚያመጣው ጭንቀት ያድናችኋል።

የቀረው ባለቤትዎ ነው። ጫቱን ከሚያስፈልገው ጋር ማስቀመጡ ለምን እንዳሳዘነዎት ይገባኛል፤ የእርስዎ ወዳጅነት ትርፍ፣ የእርሱ ደግሞ ሥራ ተብሎ ተቆጥሯልና። ቢሆንም «የአንተስ ጫት?» ብለው ቢጀምሩ ጭቅጭቁ ካቆመበት ይቀጥላል። ደግሞ የተናገረው ሙሉ በሙሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ አልጋና ቁም ሳጥን የሚያሠራ ሰው እዚያ ተቀምጦ አግኝቶ ያውቅ ይሆናል። ከዚያ ቦታ በእውነት ስንት ትእዛዝ እንደመጣ ግን ራሱ አስቦ ቢናገር ይሻላል። የጤናውን ነገር፣ እንቅልፉንና ምግብ ፍላጎቱን፣ ሌላ ቀን በተለየ ወሬ ያንሱት፤ ከገንዘቡ ጋር ከተቀላቀለ ሁለቱም አይደመጡም።

የእኔ ሐሳብ ከወሩ ገንዘብ ላይ ለእርሱም ለእርስዎም እኩል የሆነ፣ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት ጥቂት ብር መመደብ ነው። ለምሳሌ ለእያንዳንዳችሁ 600 ብር ቢሆን፣ እርሱ ጫቱን ከዚያ ያውጣ፤ እርስዎም የቡና ቁርሱን፣ ፀጉርዎን፣ ቢያምርዎት መጋረጃውን ከዚያ ያጠራቅሙ። በክረምት የቀረውን ቀለብ ወደ 7,800 ብር ስለሚያወርደው ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ መጠኑን እንደ አቅማችሁ ቀንሱት፣ እኩልነቱን ግን ጠብቁት። ከተመደበው ያለፈ ሲመጣ ያን ጊዜ ሁለታችሁም ትነጋገሩበታላችሁ፤ ያለ አንዱ ፈቃድም አይወጣም።

ንግግሩን የሚጀምሩበትን ቀን ይምረጡ። ደመወዝ ባለቀበት ሳምንት ወይም እርሱ ደክሞት ከሥራ በገባበት ማታ አይሁን፤ ደመወዝዎ በገባ ማግስት፣ የዱቤውን ገጽ ፎቶ ይዘው፣ ልጆች ሲተኙ ይቀመጡ። «ያን ዕለት ወረቀቱን ስታወጣ ለልጃችን እንደ ደነገጥክ ገብቶኛል፤ እኔም ደንግጬ ነበር። ነገር ግን ቡናዬን ስትሰርዘው ሰው የሌለኝ ሆኜ ታየኝ። ይኸው የእኔን ወጪ እኔው አይቼ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ አብረን እንየውና የአንተን ደግሞ አንተ ምልክት አድርግበት» ይበሉት። ምናልባት በመጀመሪያው ምሽት ዝም ይል ይሆናል። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ይተዉለት፤ በሳምንቱ መልሰው ያንሱት። በሁለተኛውም እምቢ ካለ፣ እርሱ የሚያከብረውና የእናንተንም ቤት የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ወይም ታላቅ ወንድሙ እንዲቀመጥላችሁ ይጠይቁ፤ ይህን ግን አስቀድመው ለራሱ ይንገሩት እንጂ ከጀርባው አያድርጉት። እስከዚያው ድረስ የራስዎን ድርሻ፣ ማለትም የዱቤውን ገጽ፣ የልጅዎን ቅዳሜና የቡና ቁርሱን፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ ከዚህ ወር ጀምረው ማስተካከል ይችላሉ።